ከኖራው ሥር የወጣው እጅ

በድሬዳዋ ከተማ፣ በደቻቱ ማዶ ፖሊስ ጣቢያ የተወሰደ የምስክር ቃል

የምስክሯ ስም፦ ቱሪያ ሙመድ
ዕድሜ፦ 15
ሥራ፦ የ8ኛ ክፍል ተማሪ
አድራሻ፦ ከፍተኛ 2፣ ቀበሌ 31፣ የቤት ቁጥር 114፣ ደቻቱ ዳር
ቀን፦ ነሐሴ 27 ቀን 1972 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ጀምሮ
ጉዳዩ፦ የወ/ሮ ወርቅዬ ተሰማ በጎርፍ መሞትና የግንበኛ ሊበን መታሰር
ቃል ተቀባይ፦ ሃምሳ አለቃ ዓለምብርሃን ገብሬ

እኔ ስሜና አድራሻዬ ከላይ የተጠቀሰው ምስክር፣ ለአካለ መጠን ያልደረስኩ በመሆኔ አባቴ አቶ ሙመድ አብዱላሂ አጠገቤ ተቀምጦ የሚከተለውን ቃል ሰጥቻለሁ።

ሟቿ እማማ ወርቅዬ የምድር ባቡር ሠራተኛ ሚስት የነበሩ፣ ባላቸው ካረፉ ወዲህ በግቢያችን ጀርባ ባለችው ክፍል ብቻቸውን የሚኖሩ፣ ዓይናቸው የደከመ አሮጊት ናቸው። እኔ «አለችኝ» ብዬ የተናገርኩትን «አሉኝ» ብለው የጻፉት ሃምሳ አለቃው ናቸው። እኛ ድሬ ውስጥ ትልቁንም ትንሹንም አንቺ ነው የምንለው፤ እማማ ወርቅዬም በዚህ ተቀይመውኝ አያውቁም።

ግቢያችን የድንጋይ ግንብ አጥር አለው። ጎርፍ ሲመጣ ከላይ በበሩ በኩል ይገባና ከታች፣ ከመሬቱ ልክ ባለ ቀዳዳ ወደ መንገድ ይወጣል። እማማ ወርቅዬ ክረምት ከገባ ጀምሮ በየቀኑ ልክ ከምሽቱ 12 ሰዓት ሲሆን፣ ጫፉ ብረት በሆነ ከዘራቸው ግንቡን ቋ ቋ እያደረጉ እስከ ቀዳዳው ይሄዱና የተወተፈውን ቅጠልና ጨርቅ ይጎረጉራሉ። ቋ ቋ የሚለው ሲቋረጥ ቀዳዳው ጋ እንደደረሱ እናውቃለን። «ዝናቡ ጋራው ላይ ይጥላል፣ ውሃው እኛ ጋ ይመጣል፤ ይቺን እንዳትዘጉብኝ» ይሉ ነበር። እኔ ከኋላቸው እየተከተልኩ አካሄዳቸውን እያስመሰልኩ ታናናሾቼን አስቅ ነበር።

የቀበሌያችን የጽዳት ኮሚቴ ሊቀመንበር ጋሽ ክፍሌ ናቸው። ሽታ የሚመዘግቡበት ደብተር አላቸው። በአፍንጫቸው የሚፈርዱ ሰው ናቸው ስል ሃምሳ አለቃው «ይህ ለጉዳዩ አይጠቅምም» አሉኝ፤ ይጠቅማል ብዬ ስለተከራከርኩ ተጽፏል። ከቀዳዳው የሚወጣው አረንጓዴ ውሃ መንገድ ላይ ስለሚታይ፣ ሐምሌ ውስጥ በራችን ላይ በቀይ ቀለም «ቆሻሻ» ብለው ጻፉበት። ሁለተኛ ከተጻፈ የወር ስኳራችን ይቀራል። ወሩ ረመዳን ነበር።

ስለዚህ ነሐሴ 5 ቀን፣ የኢድ ዋዜማ፣ አባቴ ግንበኛውን ሊበንን ጠርቶ ደፋችንን እንዲያበጅና ቀዳዳውን እንዲደፍን አዝዞት ወደ ሱቁ ሄደ። ሊበን የመልካ ጀብዱ ሰው ነው። ደፉን በሲሚንቶ ሠራ። ቀዳዳው ጋ ሲደርስ ግን ድንጋይ ብቻ ደረደረበት። «ክረምት ሳይወጣ ይሄ በሲሚንቶ አይዘጋም። ከውጭ አይታይም፣ ውሃ ሲመጣ ድንጋዩን ገፍቶት ይሄዳል። ናያ፣ አንቺ ቱሪያ፣ ለአባትሽ ንገሪው» አለኝ። ይህን ሲል የሰማነው እኔና እማማ ወርቅዬ ብቻ ነን። እማማ ወርቅዬ መረቁት። እኔ ለአባቴ አልነገርኩም።

ሊበን የተረፈውን ሲሚንቶ በወተት ጣሳ ትቶ ሄዶ ነበር። ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ድንጋዮቹ ላይ ለጠፍኩት። መሣሪያ ስላልነበረኝ በመዳፌ ደለደልኩትና ለኢድ ከተበጠበጠው ኖራ ቀባሁበት። ይህን ያደረግሁት እማማ ወርቅዬ ማታ ቀዳዳውን አጥተው ሲደናገሩ ለማየት ነው። ሌላ ምክንያት አልነበረኝም።

በ12 ሰዓት ቋ ቋ እያሉ መጡ። አለፉት። ተመለሱ። «አቦ፣ ግንቡ በላው እንዴ?» አሉ። እኔ ከውሃ በርሜሉ ኋላ ተደብቄ፣ ሻሼን በጥርሴ ነክሼ እስቅ ነበር። ሦስት ጊዜ ከተመላለሱ በኋላ «ዓይኔስ ይሁን፣ ዛሬ ከዘራዬም ታወረ» ብለው ገቡ።

በነጋታው ልከፍተው አስቤ ነበር። በነጋታው ኢድ ነው፣ ሲሚንቶውም ደርቋል። ነሐሴ 8 ቀን ኮሚቴው ዞሮ አንደኛ አወጣን። «አርአያ ንጹህ ቤት» የሚል ሰማያዊ ቆርቆሮ በራችን ላይ ተመታ፤ ሁለት ኪሎ ስኳርም ተጨመረልን። አባቴ ቆርቆሮውን በእጅጌው ሲወለውል እያየሁ መናገር አቃተኝ። እማማ ወርቅዬ በየማታው እየወጡ መፈለጋቸውን አልተዉም። እኔ ከሦስተኛው ማታ ወዲህ መሳቅ ትቻለሁ።

እሁድ ነሐሴ 11 ቀን ከቀኑ 9 ሰዓት የቀበሌ ስብሰባ ነበር። የቀረ ስሙ ስለሚያዝ ከግቢያችን ሁላችንም ሄድን፤ በዕድሜ ምክንያት የተፈቀደላቸው እማማ ወርቅዬ ብቻ ቀሩ። ሰማዩ ላይ ጭረት ደመና አልነበረም። ጋሽ ክፍሌ ስለ ፍሳሽ ጎጂነት እየተናገሩ ሳለ ደቻቱ ወንዝ ሲያጓራ ሰማን። «ጓዶች፣ አጀንዳው አላለቀም» አሉ። ቁጭ ብሎ የጠበቃቸው የለም።

መንገዱን ውሃ ስለሞላው ቤታችን የደረስነው 11 ሰዓት ላይ ነው። ጎረቤቶቻችን ግቢ የገባው ውሃ ከጉልበት አላለፈም። እኛ ግቢ ግን መውጫ አጥቶ እስከ ደረቴ ድረስ ቆሞ ነበር። የእማማ ወርቅዬ ክፍል ሲፈለግ በውስጡ አልነበሩም። የተገኙት በታችኛው ግንብ ሥር፣ ከዘራቸውን እንደያዙ ነው።

ነሐሴ 13 ቀን ሊበን ተያዘ። አባቴ «ድፈን ያልኩት እሱን ነው» ብሎ የሚያውቀውን ተናገረ። ሊበን ድንጋይ ብቻ ነው የደረደርኩት ቢል የሚያምነው አጣ።

ጎርፉ ኖራውን አጥቦት ስለነበር እናቴ ፋዱማ ነሐሴ 16 ቀን ግንቡን እንደገና ቀባችው። ሲደርቅ ከኖራው ሥር ቡናማ እጅ ወጣ፤ አምስቱ ጣቶች ሳይቀሩ። ደግማ ቀባችው፣ ወጣ። ሦስተኛ ቀባችው፣ ወጣ። የሰፈሩ ሰው የእማማ ወርቅዬ እጅ ነው፣ ግንቡን ሲገፉ ነው የሞቱት አለ። ጸበል ተረጨ፤ ቁርኣንም ተቀራ። ጋሽ ክፍሌ በጂን ስለማያምኑ «የኖራው ጥራት ጉድለት ነው» ብለው ካስረዱ በኋላ፣ ከዚያ ወዲህ በሌላ መንገድ ነው የሚዞሩት። እኔ የጎርፉ ጭቃ ሲሚንቶው ላይ የቀረውን የመዳፌን ጉድጓድ ሞልቶ በኖራው እያለፈ የሚወጣ መሆኑን አውቅ ነበር። ይህ ሁሉ አዋቂ ቆሞ ሲያየው፣ ትንሿ ጣት የተጣመመች መሆኗን ልብ ያለ አልነበረም። የእኔ የቀኝ እጅ ትንሿ ጣት ስምንት ዓመት ሲሆነኝ የብስክሌት ሰንሰለት ይዟት እንደተጣመመች ቀርታለች። በዚያች እጅ በየቀኑ ከእነሱ ጋር ከአንድ ሳህን እበላለሁ።

በጂን በሚያምኑት ላይ ስስቅ የኖርኩ ነኝ። ነገር ግን ከነሐሴ 11 ወዲህ 12 ሰዓት ሲሆን ቋ ቋ ሲል እሰማለሁ። ቀዳዳው ወደ ነበረበት ይመጣል፣ ያልፈዋል፣ ይመለሳል። ሌላ ሰው ይሰማው እንደሆነ አልጠየቅኩም። ሃምሳ አለቃው ይህን ልሰርዘው ወይ ብለውኝ፣ እንዳይሰረዝ ለምኛለሁ።

ትናንት የሊበን ሚስት ሃዎ ልጇን አዝላ በራችን ላይ መጣች። ለአባቴ «ሙመድ፣ ሰውዬው ድንጋይ ነው የደረደርኩት ይላል። የሰማኝ ሰው አለ ይላል። ማን ነው የሰማው ስለው ግን፣ ልጅ ናት፣ አታስጨንቋት ይለኛል» አለችው። አባቴ «የምን ልጅ?» አላት። ዛሬ ጠዋት አባቴን ቀስቅሼ ወደዚህ ይዤው የመጣሁት በዚህ ምክንያት ነው።

በዛሬው ዕለት ከጠዋቱ 4 ሰዓት ተኩል ከጣቢያው ወደ ግቢያችን ሄደን፣ ሃምሳ አለቃው፣ አባቴና በታዛቢነት የተጠሩት ጋሽ ክፍሌ ባሉበት፣ ቀኝ እጄን በምልክቱ ላይ አስቀመጥኩ። ልክ ሆነ፤ ትንሿም ጣት ገባች። እጄን ከግንቡ ላይ ያነሳልኝ አባቴ ነው። ጋሽ ክፍሌ ወደ በሩ ሄደው ሰማያዊውን ቆርቆሮ በጥፍራቸው ሲታገሉት ቆይተው ነቀሉት።

ከዚያ ሃምሳ አለቃው ለማስረጃ ኖራውን በቢላ ፋቁት። ከመዳፌ ምልክት ዝቅ ብሎ፣ ሲሚንቶው ላይ፣ በብረት ጫፍ የተወጉ ጉድጓዶች ታዩ። ሃምሳ አለቃው ቆጥረው ሃያ ሦስት ናቸው አሉ። ዙሪያውን ያለው ግንብ ቢፋቅም አንድም አልተገኘበትም። እማማ ወርቅዬ ቀዳዳውን አግኝተውት ነበር።

ሲሚንቶውን የለጠፍኩት እኔ መሆኔን፣ ሊበን በዚህ እጁ እንደሌለበት፣ በግንቡ ላይ ያለውም እጅ የሟች እንዳልሆነ ማንም ሳያስገድደኝ ተናግሬአለሁ። የተጻፈው ተነቦልኝ ቃሌ መሆኑን አምኜ በዚያችው እጅ ፈርሜአለሁ።

የምስክሯ ፊርማ፦ ቱሪያ ሙመድ
የአባት ፊርማ፦ ሙመድ አብዱላሂ
ታዛቢ፦ ክፍሌ ወልደየስ
ቃሉን የተቀበለው፦ ሃምሳ አለቃ ዓለምብርሃን ገብሬ