አባዬ ሰባት ቤት ሲቆጥር

አባዬ ቀለል ያለ ስትሮክ ከመታው በኋላ መርሳት ጀመረ። ቦንጋ ገበያ ወጥቶ የቤቱ መንገድ ሲጠፋው ባጃጅ ነጂዎች እያመጡ ያስረክቡን ነበር። ሰው ሁሉ «እርጅና ነው፣ ተዉት» አለን። ሐኪሟ ግን አልተወችውም። «የአንጎላቸው ትናንሽ የደም ሥሮች ተጎድተዋል፤ እሱን መመለስ አንችልም። ሌላም ምክንያት ሊኖር ስለሚችል ግን ደማቸውን እንመርምር» አለችኝ። ውጤቱ ሲመጣ ቢ አሥራ ሁለት የሚባለው ቫይታሚን ከደሙ ተሟጦ ሊያልቅ ምንም አልቀረውም። መርፌውን ጀመረ፤ ከወራት በኋላ ነቃ ነቃ አለ።

ያም ሆኖ፣ እህቴን ለልጃቸው ሊጠይቁ ሽማግሌዎች ከሺሺንዳ የመጡ ቀን ፈራሁ። «አባዬ፣ አንተ ዝም ብለህ ተቀመጥ» አልኩት። እሱ ግን እንግዶቹ አረፍ ከማለታቸው «ዝምድና እንዳይኖር ሰባት ቤት እንቁጠር» አለና የእኛን ወገን እስከ ሰባተኛው ድረስ አንድ ሳይስት አወረደው። የልጁ ወገን ተራ ሲደርስ ዋናው ሽማግሌ አምስተኛው ላይ ተያዙ። ግንባራቸውን ቢያሹ፣ ጣሪያውን ቢያዩ ስሙ አልመጣ አላቸው። አባዬ ጠጋ ብሎ፣ «ወንድሜ፣ አይጨነቁ፤ ደምዎን ይመርመሩ!» አላቸው። ቤቱ በሳቅ ተናጋ። እሳቸውም እንባቸው እስኪፈስ ስቀው ሲያበቁ ታላቅ እህታቸው ጋ ደውለው ቆጠራውን ጨረሱ፤ ዝምድና አልተገኘም። «እንግዲያው ልጄን ሰጥቻለሁ» አለ አባዬ፤ እማዬም እልልታዋን አቀለጠችው።