የእንስራው ተራ

«ተማሪ አይደለሽም? ግብረ ገብ አላስተማሩሽም? ተነሺልኝ እንጂ!» አሉኝ አንዲት እናት፣ አውቶቡሱ ከደብረ ታቦር ወደ ንፋስ መውጫ ሊነሣ ሲል። ተነሣሁ፤ ደስ ብሎኝ ግን አልነበረም። ልጃቸው አጠገባችን ቆመ። ንፋስ መውጫ ጤና ጣቢያ የተመደበ አዲስ ድሬሰር፣ ቁስል አጣቢና መድኃኒት ሰጪ ኖሯል።

«የቤተ ልሔም ደብራችንን አባ ነገ ይዣቸው እመጣለሁ። ዓይናቸውን ታመዋል። ልጄ ፊት ያስገባዎታል ብያቸዋለሁ» አሉት እናቱ።

«በተራ ነው፣ እምዬ።»

«የንስሐ አባትህ እኮ ናቸው!»

«ናቸው። ግን በተራ ነው።»

«እኔስ ብታመም?»

«አንቺም በተራ። በጣም የታመመ ካለ ብቻ ይቀድማል።»

«በግብረ ገብ አንደኛ ወጣህ ብዬ ጠላ የጠመቅሁት ለዚህ ነው? ምንድን ነው ያስተማሩህ?»

«ጃንሆይ ይሙት፣ ይህን ያስተማርሽኝ አንቺ ነሽ። በበጋ ምንጩ ሲቀጥን፣ እንስራችንን ከባልቴቷ እንስራ ፊት ባስቀድመው፣ በጥፊ ብለሽኝ ከኋላ አልመለስሽውም?»

«እሱማ ውኃ ነው።»

«ይኼም መድኃኒት ነው።»

ነጠላቸውን አስተካከሉ።

«እና አባን ምን ልበላቸው? ቃል ገብቼላቸው የለ!»

«በማለዳ ይምጡ በያቸው። እኔም በማለዳ እከፍታለሁ።»

«አይ አንተ! ጥፊው ያን ያህል አሞህ ነበር?»

«እስካሁን ያመኛል።»

ሳቁ። ከዚያ የፊቱን ወንበር ይዘው ለመነሣት እየታገሉ ወደ እኔ ዞሩ።

«ነይ ልጄ፣ ተቀመጪ። ቀድመሽ የተሳፈርሽው አንቺ ነሽ።»

መውረጃዬ ገና ሩቅ ነበር፤ እሳቸው እንዳይነሡ ግን «ወራጅ!» ብዬ ወረድሁ።