ሐሙስ ጠዋት በሁለት ሰዓት

ሰኞ ጠዋት ጋሼ ጥገና የሠርጋቸውን ኮት ለብሰው፣ የሚያንቅ ክራባት አስረው፣ ጉርድ ፎቶ ሊነሡ ፎቶ ቤት ገቡና የለስላሳ ሳጥን ላይ ተቀመጡ። ዕድሜ ልካቸውን የሰው ወንበር ሲያቃኑ የኖሩ ሰው ሳጥን ላይ መቀመጣቸው ያሳዝናል፤ ግን የገዛ ጥፋታቸው ነው። የፎቶ አንሺውን ተሽከርካሪ ወንበር እጠግናለሁ ብለው ዋናውን ብሎን ፈትተው ከወሰዱ ወር አልፏል። ወንበሩ ጥግ ላይ እንደወደቀ ነው፤ ብሎኑ እሳቸው ቦርሳ ውስጥ ነው።

«ቀና ይበሉ ጋሼ» አለ ፎቶ አንሺው፣ የካሜራውን እግር ዝቅ እያደረገ። «ወንበሬ በደህናው ጊዜ ቢሠራ ኖሮ እኔም እንዲህ ባልተንበረከክኩ።»

«ነገ ጠዋት እሠራልሃለሁ።»

«የትኛው ነገ?» አለና ሳቀ። ክፋት የለበትም። ሰፈሩ ሁሉ ሽማግሌውን ይወዳቸዋል፤ ፊት ለፊት ጋሼ ጥገና ይላቸዋል፣ ዞር ሲሉ ደግሞ «ነገ ጠዋት» ይላቸዋል።

ይህን ጊዜ በሩ ተከፈተና ልጃቸው ገባች። ልጃቸው ስንል የሟች ወንድማቸው ልጅ ናት፤ ከአምስት ዓመቷ ጀምሮ አሳድገው ያስተማሯት ግን እሳቸው ናቸው። አሁን ጥርስ ክሊኒክ ውስጥ ቀጠሮ መዝጋቢ ሆና ተቀጥራ፣ ለመታወቂያዋ ፎቶ ልትነሣ መምጣቷ ነበር። አጎቷን በክራባት ስታይ በሩ ላይ ቆመች።

«ጋሼ፣ ደህና ነው? ማን ሊዳር ነው?»

«ማንም አይዳርም። ለቅጽ ነው» አሉ፣ ዓይናቸውን ከካሜራው ሳያነሡ።

«የምን ቅጽ?»

እሳቸው የኮታቸውን ቁልፍ መቆለፍ ያዙ። ፎቶ አንሺው ግን ነገር ሆዱ ውስጥ የሚያድርለት ሰው አልነበረም። «የዘይት ፋብሪካው ጥበቃ ይፈልጋል። ምዝገባው ዓርብ ያበቃል። ጋሼ መዶሻቸውን ሊሰቅሉ ነው።»

ልጅቷ ፊቷ ልውጥ አለ። ካሜራው ብልጭ ካለ በኋላ ፎቶው እስኪታጠብ አንድ ሰዓት ይፈጃል ተብለው ነበርና፣ አጎቷን ክንዳቸውን ይዛ ደጅ ወዳለው አግዳሚ ወንበር ወሰደቻቸው። ከባድ የመሣሪያ ቦርሳቸው መሐል ላይ ተቀመጠ።

«ጥበቃ የተከበረ ሥራ ነው፤ አፌን ሞልቼ የምናገረው ነው» አለች። «ለእርስዎ ግን አይሆንም። የሚንቋቋ በር እየሰሙ እጅዎን አጣጥፈው መቀመጥ አይችሉም። ታመው ነው የሚሞቱብኝ።»

«ልጄ፣ ደስ ብሎኝ የምሄድ መሰለሽ? ሥራው ሸሸኝ። ድሮ በሬ ሲንኳኳ ይውል ነበር። ዘንድሮ ሰው ሁሉ ጎረምሳ ጠጋኝ በስልክ ይጠራል፣ እኔን የሚያስታውሰኝ ጥቂት ነው። እጁ ደክሟል ብለው ይሆናል። ደመወዝ ጥቂትም ብትሆን ቀኗን ጠብቃ ትመጣለች።»

«እጅዎ ምንም አልሆነም። ቦርሳውን ይክፈቱት እስቲ።»

ጋሼ ጥገና እያመነቱ ዚፑን ሳቡት። ከፒንሳውና ከካቻቪቴው ሥር የሰፈሩ ዕቃ ተኝቷል፦ የወንበሩ ብሎን፣ የልብስ ሰፊው የመሳቢያ እጀታ፣ የጡረተኛው መምህር የቧንቧ ራስ፣ የፀጉር አስተካካዩ የመስታወት መያዣ። ልጅቷ እጇን ከተተችና አንድ የነሐስ የበር እጀታ አወጣች።

«ይኼ ደግሞ የእኔ ነው። ሦስት ሳምንት ሙሉ ቤቴን በማንኪያ ነው የምከፍተው።»

«አንቺማ የቤት ሰው ነሽ፣ ትታገሺኛለሽ ብዬ ነው» አሉ፤ አፈሩ። ወዲያው ግን ክርክራቸውን አነሡ። «ዕቃ መያዝ የሙያችን ደንብ ነው እኮ። ያስተማረኝ ባለሙያ፣ አንድ ነገር ፈትተህ ያዝ፣ ያኔ ሰውየው እንደምትመለስ ያምናል፣ ሌላም አይጠራም ይለኝ ነበር። ዕቃው ማለት መያዣ ነው።»

«የእኛ ሐኪም የአንዱን ሰው ጥርስ ነቅሎ፣ ሥራውን ሳይጨርስ፣ ጥርሱን መያዣ ብሎ ኪሱ ከትቶ ወደ ሌላ አፍ ቢሮጥ ምን ይሉታል?»

«እብድ ነው እለዋለሁ።»

ከውስጥ የፎቶ አንሺው ሳቅ ተሰማ። ጋሼ ጥገናም ሳቃቸው አመለጣቸው፤ ግን ሽማግሌ በሳቅ ብቻ አይረታም።

«ሐኪም ሌላ ነው። እኔ ጎረቤት ነኝ። ሰው በሬ ድረስ መጥቶ ቤቴ ውሃ እያንጠባጠበ ነው ሲለኝ፣ ፊቱን እያየሁ እንዴት አይሆንም እለዋለሁ? ትዕቢት ይሆንብኛል። እሺ፣ ነገ ጠዋት እለዋለሁ፤ ደስ ብሎት ይሄዳል። እኔም ያን ሰዓት የምር የምሄድ ይመስለኛል። ሲነጋ ስድስት ቤት ይጠብቀኛል። ከአንዱ ጀምሬ አንዱ ይደውላል፣ ወደዚያ እሮጣለሁ።»

እዚህ ላይ አንባቢን አንድ ነገር ላሳስብ። ይህ ሰውዬ ሰነፍም አታላይም አይደለም። ይሉኝታ የበላው ሰው ነው፤ እንዲህ ያለ ባለሙያ ደግሞ በየሰፈሩ ሞልቷል።

ልጅቷም ይህን ታውቃለችና ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ሲሄድ ያለውን ፊት ነው የሚያዩት ጋሼ። ሲጠብቅ የሚውለውን አያዩትም። እሱን የማየው እኔ ነኝ። ጡረተኛው መምህር ባለፈው ማክሰኞ እኛ ዘንድ ቀጠሮ ነበራቸው። ቀሩ። ሐሙስ ጉንጫቸው አብጦ መጡ። ምነው አባቴ ስላቸው፣ ጠጋኙ ነገ ጠዋት እመጣለሁ ስላሉኝ ቤቴን ዘግቼ ልወጣ አልቻልኩም አሉኝ።»

ጋሼ ጥገና ክራባታቸውን ሳብ ሳብ አደረጉት። «አብጦ?»

«ዓይናቸው እስኪጨፈን። እርስዎን አንድ ቃል አልተናገሩም። ሥራ በዝቶባቸው ነው ነው ያሉኝ።»

ሽማግሌው የቧንቧውን ራስ ከቦርሳው አውጥተው አገላበጡት። መምህሩ ቢሰድቧቸው ይቀላቸው ነበር።

«ታዲያ ምን ላድርግ?» አሉ በመጨረሻ። «ሐሙስ እመጣለሁ ብል ሐሙስን ማን ይጠብቃል? ሌላ ይጠራሉ።»

«አሁንስ እየጠሩ አይደል? እጀታቸው እርስዎ ቦርሳ ውስጥ እያለ ነው የሚጠሩት። ደግሞ ያስቡት፣ ስድስት ቤት ጀምረው አንዱንም ካልጨረሱ ማን ይከፍልዎታል? ቀኑን መንገድ ነው የሚበላው። አንድ ቤት ገብተው ጨርሰው ቢወጡ፣ ለዚያ ቀን ሠርተዋል ማለት ነው። ዋጋውን መጀመሪያ ይናገሩ፤ እንደ ፍቃድህ እያሉ ሰውን አያስጨንቁ። የማይችሉትን፣ ቆጣሪና ትልቁን የመብራት መስመር፣ ይኼ የእኔ ሥራ አይደለም ብለው ለባለሙያው ይላኩት። እኛ ክሊኒክ ስንት ሰው ነው የምንመልሰው መሰለዎት? ዛሬ አይቻልም፣ ሰኞ በአራት ሰዓት ስንለው ግን አይቆጣም፤ ሰኞ በአራት ሰዓት ይመጣል።»

«አንቺ ጠረጴዛ ይዘሽ ነዋ። እኔ ያለችኝ ቦርሳ ናት።»

«እኔን ያስተማረችኝም እሷ ናት» አለች፣ እጇን ቦርሳው ላይ ጭና። ዓይኗ እንባ አቀረረ። «እስከ ሐሙስ ይሞክሩልኝ። አዲስ ሥራ እንዳይቀበሉ። የያዙትን አንድ በአንድ ይመልሱ፤ አንዱን ሳይጨርሱ ሌላ ደጅ እንዳይረግጡ። ካልሆነ ዓርብ ቅጹን ራሴ ይዤልዎት እሄዳለሁ።»

«እስከ ሐሙስ ነው ታዲያ» አሉ። ክራባታቸውን ፈቱና ተነሥተው ፎቶ ቤት ገቡ።

ወንበሩን ገለበጡት፤ ብሎኑን በዘይት አሽተው አጠበቁት፤ ሃያ ደቂቃ አልፈጀም። ፎቶ አንሺው ተቀምጦ ሁለት ጊዜ ዞረና «አንድ ወር የጠበቅሁት ለሃያ ደቂቃ ነው?» አለ። ጋሼ ጥገና ወንበሩን ለልጃቸው አቀረቡላትና የመታወቂያዋን ፎቶ ተነሣችበት።

ከዚያ ወጥተው ጥግ ሳይደርሱ የዳቦ ቤቷ ባለቤት ከመንገዱ ማዶ ጠራቻቸው። እስከ ክርኗ ዱቄት ለብሳ ነበር። «ጋሼ፣ እግዜር ነው ያመጣዎት። የምድጃዬ በር ማጠፊያ ተሰብሮ በእንጨት ደግፌ ነው የምጋግረው። አሁኑኑ ይምጡልኝ።»

ሽማግሌው አፋቸውን ከፈቱ። «እሺ፣ ነገ» ምላሳቸው ጫፍ ደርሳ ነበር። ልጅቷ መሬት መሬት ታያለች። ጋሼ ጥገና ቦርሳቸውን ወደ ሌላው እጃቸው አዛወሩ።

«ዛሬም፣ ነገም፣ ከነገ ወዲያም አልችልም እትዬ። ሐሙስ ጠዋት በሁለት ሰዓት እመጣለሁ።»

ሴትየዋ ትክ ብላ አየቻቸው። ጋሼ ጥገና ላብ አጠመቃቸው፤ የተናገሩትን ሊያጥፉ ምንም አልቀራቸውም።

«ሐሙስ ሲሉ፣ ይኼ ሐሙስ?»

«ይኼ ሐሙስ።»

«ደግ» አለችና ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ደግ ማለቷ እሺ ማለቷ ይሁን፣ ሌላ እፈልጋለሁ ማለቷ ይሁን፣ ጋሼ ጥገና ሊለዩት አልቻሉም። ልጅቷ ሥራ ሰዓቷ ደርሶ ሄደች፤ እሳቸውም ወደ መምህሩ ቤት አቀኑ። በዚያ የቧንቧውን ራስ ገጥመው ሲጨርሱ ይቅርታ ጠየቁ። መምህሩም «ጠፍተው ሳይሆን በዝተው ነው ብዬ ነበር» አሉና ወንበር አቀረቡላቸው። ሰኞ እንዲህ አለፈ። ማክሰኞ ልብስ ሰፊውና ፀጉር አስተካካዩ ዘንድ፣ ረቡዕ ልጃቸው ቤት ዋሉ። ረቡዕ ማታ ቦርሳው ውስጥ የቀረው የራሳቸው መሣሪያ ብቻ ነበር።

ሐሙስ ለሁለት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ላይ ዳቦ ቤቱ ጋ ደረሱ። ሌላ ቀን ቢሆን የዳቦው ሽታ ገና ከታክሲ ማቆሚያው ይቀበላቸው ነበር። ዛሬ ምንም አይሸትም። መደርደሪያው ባዶ ነው። እኔን ሳታምን ሌላ ጠጋኝ ፍለጋ ሄዳለች አሉ በሆዳቸው። ነገ ቅጹን አስገባለሁ ብለው ሊመለሱ ሲሉ ከውስጥ ድምፅ ሰሙ።

«ይግቡ ጋሼ፣ እዚህ ነኝ።»

የዳቦ ቤቷ ባለቤት ከምድጃው ፊት የዱቄት ጆንያ ላይ ተቀምጣለች። እጇ ንጹሕ ነው።

«ምነው እትዬ፣ ዛሬ አልጋገሩም?»

«የጋለ ብረት እንዴት ይነካሉ ብዬ ማታ ሳላነደው አደርኩ። ምድጃ ለመቀዝቀዝ ሌሊቱን ሙሉ ነው የሚፈልገው። ደንበኞቼን ዛሬ ዳቦ የለም፣ ጠጋኙ በሁለት ሰዓት ይመጣሉ ብዬ ሸኘኋቸው።»

ጋሼ ጥገና እጃቸውን ምድጃው ላይ አሳረፉ። ቀዝቅዟል።

«ባልመጣስ ኖሮ?»

«ሐሙስ ብለውኝ የለ እንዴ?» አለች፤ ጥያቄው ገርሟት። «ባለፈው ዓመት ነገ እያሉ ሲያመላልሱኝ ነው ሌላ ሰው የጠራሁት። የእርስዎን ያህል ሥራ አያውቅም ነበር፤ ግን ሰኞ ብሎ ሰኞ መጣ።»

ሽማግሌው ዓይናቸውን እንዳታይባቸው ፊታቸውን ወደ ማጠፊያው አዞሩ። ሥራውን አይተው ዋጋውን ተናገሩ፤ እሺ አለች። አምስት ሰዓት ሳይሞላ በሩ ገጠመ፤ እሳቱ ተለኮሰ።

ከዚያ ወዲህ ጋሼ ጥገና በቀን ሁለት ቤት፣ ቢበዛ ሦስት ይሠራሉ፤ የጀመሩትን ሳይጨርሱ አይወጡም፤ የሠሩበትን ያኔውኑ ይቀበላሉ። ገቢያቸው ከፋብሪካው ደመወዝ በልጧል፤ ምሳቸውንም ተረጋግተው ቤታቸው ይበላሉ። የመብራት ባለሙያው እሳቸው ለላኩለት ሰው እየሠራ፣ እሱም የቧንቧና የበር ሥራ ሲያገኝ ወደ እሳቸው ይልካል። ሰዉም ቀኑን ስለሚያውቀው ቤቱ ተቀምጦ አይውልም። በግል ሥራ ለመኖር ያሰብክ ወንድሜ፣ አንቺም እኅቴ፣ ከመሣሪያችሁ ሁሉ በፊት ቀጠሮ ማክበርን ያዙ፤ የወር ደመወዝ ለሌለው ሰው የሚያስተማምነው እሱ ነው።

ይህ ሁሉ ግን ቀስ በቀስ የመጣ ነው። ያን ሐሙስ አመሻሽ ላይ ጋሼ ጥገና ወደ ክሊኒኩ ሄደው፣ ልጃቸው ከሥራ እስክትወጣ በር ላይ ጠበቋት።

«ምነው ጋሼ፣ ጥርስዎን አመመዎት?»

«ሙሉ ምድጃ አቀዘቀዘች ልጄ። ሰፈሩን ዳቦ ነሥታ፣ በእኔ ቃል ብቻ። ፋብሪካ አልሄድም።»

ልጅቷ አቅፋ ጉንጫቸውን ሳመቻቸው። ትንሽ እንደተራመዱም «አልችልም ማለት በጣም ከበደዎት?» ስትል ጠየቀቻቸው።

«ከበደኝ እንጂ፣ አሁንም ይከብደኛል» አሉ። «ግን ስሠራ ሳስበው ነው የገባኝ፤ ማክሰኞንና ረቡዕን ስለከለከልኳት ነው ሐሙስን ያመነችኝ።»