የሊንጋ ራኦ ሰባት ደብተሮችና ለራሱ የተከለው ሰርቨር

የኮምፒውተር ማሠልጠኛዎች በታጨቁበት በአሚርፔት ሰፈር፣ ከፎቶ ኮፒ ቤቱ ደጃፍ የሚጀምረው ሰልፍ ጫፉ የት እንደሆነ ያየ ሰው ገና አልተወለደም። ሊንጋ ራኦ በዚህ ሰልፍ መካከል ሰባት ደብተሮች ታቅፎ ቆሟል። ሰውየው ጉንቱር ከተማ ላይ ሃያ ሰባት ዓመት የታይፕ ትምህርት ቤት ይዞ የግማሽ ሕንድን ጣት ያሠለጠነ ነው። ታይፕ ሲቀር ትምህርት ቤቱ ተዘጋ፤ በዓመቱ ሚስቱ አረፈች። በሃምሳ አራት ዓመቱ ጃቫ የሚባለውን የኮምፒውተር ቋንቋ ሊማር መጣና ሁለት መቶ ወጣት በታጨቀበት አዳራሽ መምህሩ ሰሌዳ ላይ የጻፈውን ሁለት ወር ሙሉ ሲገለብጥ ከረመ። ጽሕፈቱ ቀጥ ከማለቱ የተነሣ ግንበኛ ውሃ ልኩን ጥሎ ቢገነባበት ግድግዳው አይዛባም። ሰፈሩ ሁሉ የእሱን ደብተር እያባዛ ያጠናል፤ ስሙን ግን አንድ ሰው ጠይቆት አያውቅም።

"ይቅርታ ባባይ፣" አለች ከኋላው የቆመች ወጣት፣ አጎትን በሚያከብሩበት ጥሪ፤ "እነዚህ በቀይ የተሰመሩት ደብተሮች የእርስዎ ናቸው?"

"ነበሩ። ከዛሬ ጀምሮ ለባለ ሱቁ ትቻቸዋለሁ። ነገ ጠዋት ወደ ጉንቱር ተሳፋሪ ነኝ።"

"ትምህርቱ መች አለቀና?"

"አርብ እዚያ አንድ ኮሌጅ የቤተ ሙከራ አሠልጣኝ ለመቅጠር ይፈትናል። የጽሑፍ ፈተና መስሎኝ ተመዝግቤ ነበር፤ ለካ ማሽን ላይ ሠርቶ ማሳየት ኖሯል። እኔ የማውቀው መጻፍ ብቻ ነው። ስለዚህ ፈተናውን ትቼ፣ ቤቴ ገብቼ በሬን እዘጋለሁ።"

ወጣቷ ሁለት ዓመት በሙያው የሠራች ነበረችና ነገሩ ከነከናት። "ደብተርዎ ገጽ አርባ ሦስት ላይ ያለውን ፕሮግራም ማሽን ላይ ሞክረውት ያውቃሉ?"

"በምን ሰርቨር? ለጠያቂ ሁሉ ድረ ገጽ የሚያቀርብ ሰርቨር እኮ በቀዝቃዛ አዳራሽ፣ በዘበኛ የሚጠበቅ የትልልቅ ድርጅት ንብረት ነው!"

"ማን ነው እንዲህ ያለዎት?"

"ማንም። ማን ያናግረኛል ብለሽ ነው?"

ልጅቷ ከደብተሮቹ አንዱን ገለጠች። "ገጽ አርባ ሦስት ስሕተት ነው፣ ባባይ።"

ሊንጋ ራኦ ሰማይ የተደፋበት መሰለ። "ሰሌዳው ላይ እንዳለ ነው የገለበጥሁት! አንዲት ነጥብ አልጨመርሁም!"

"ጣጣውስ እሱ አይደል! መምህሩ፣ ጃቫው ተተርጉሞ የሚወጣውን ፋይል ከድረ ገጹ ጎን አስቀምጡት ብለው ጻፉ። ቦታው ግን እዚያ አይደለም፤ የራሱ ፎልደር አለው። ሁለት መቶ ሰው ገለበጠ፤ የማደሪያችን ልጆች ደግሞ ከእርስዎ አባዙ። አንድ ሰው እንኳ ቢሞክረው ኖሮ ወዲያው ይታወቅ ነበር።"

ማዶ ካለው ሻይ ቤት ገብተው ተቀመጡ። ልጅቷ ከፍላሿ ቶምካት የሚባለውን የሰርቨር ፕሮግራም በአሮጌ ላፕቶፑ ላይ ገለበጠችለት። ሊንጋ ራኦ በጥርጣሬ አየው።

"ይኼ ማንን ነው የሚያገለግለው?"

"እርስዎን ብቻ። ጠያቂዋም መላሿም ይቺው ማሽን ናት።"

"ራሴ ጠይቄ ራሴ ልመልስ? ይህንንማ ሚስቴ ካረፈች ጀምሮ ስሠራው ኖሬያለሁ፤ ጃቫም አላስፈለገኝ!"

ልጅቷ አልሳቀችም። "ልዩነት አለው። ሰው ለራሱ ሲመልስ ደስ የሚለውን ነው የሚመልሰው። ይቺ ግን የተሳሳተውን ተሳስተሃል ትላለች። ደብተር መች ይከራከራል? ደግሞ እዚህ መቶ ጊዜ ቢያበላሹ ማንም አያይብዎትም፤ ማንም አይስቅብዎትም።"

እንዲህ ያለውን ምክር የተማረ ሁሉ ልብ ሊለው ይገባል። ያልሞከሩትን ማወቅ፣ ምግቡን ሳይቀምሱ የምግብ ዝርዝሩን በቃል እንደ መያዝ ነው።

ሊንጋ ራኦ በታይፕ ጣቱ ቁልፎቹን መምታት ሲጀምር ሻይ ቤቱ በረዶ የወረደ መስሎት ወደ ጣሪያው አንጋጠጠ። መጀመሪያ ገጽ አርባ ሦስትን እንዳለ ሠራው። "አልተገኘም" አለ ሰርቨሩ። ሽማግሌው በሁለት ወር ውስጥ የተነገረውን የመጀመሪያ ቀጥተኛ መልስ ደጋግሞ አነበበው። ከዚያ ፋይሉን ወደ ፎልደሩ አዛወረና ሰርቨሩን አጥፍቶ አስነሣው። ገጹ ተከፈተ፤ ስም ጠየቀ። ስሙን ጻፈ።

"ናማስካራም፣ ሊንጋ ራኦ ጋሩ" የሚል ሰላምታ መጣ፤ ጋሩ ከሚለው የአክብሮት ማዕረግ ጋር።

ሻዩ እስኪቀዘቅዝ ዓይኑን ከስሙ አልነቀለም።

"ምነው ባባይ?"

"ምንም። ስሜን ካየሁት ቆይቼ ነው።"

"ማሽን ቀደመኝ እኮ!" አለች አፍራ። "ስምዎን ሳልጠይቅዎት። እኔ ስራቫንቲ እባላለሁ።"

ሊንጋ ራኦ ቀዩን እስክሪብቶ አውጥቶ ገጽ አርባ ሦስትን ሰረዘና ትክክለኛውን ቦታ ከጎኑ ጻፈ፤ ከሥሩም "ሞክሬዋለሁ" ብሎ ስሙን አኖረ። እስከ አርብ ድረስ ሰርቨሩን እያፈረሰ ሲተክል፣ እየተከለ ሲያፈርስ ሰነበተ። አርብ ጉንቱር ኮሌጁ ገብቶ ሰርቨሩን ሲተክል ፈታኞቹ ወንበራቸውን ስበው ተጠጉት፤ ሥራውንም ሰጡት።

በመጀመሪያው የሥራ ቀን ለሠላሳ ተማሪዎች እንዲህ አላቸው፦ "ደብተር ዝጉ! እያንዳንዳችሁ የየራሳችሁን ሰርቨር ትተክላላችሁ። ለብቻ ያበላሸ ሰው ሰው ፊት አይደነግጥም፤ ሞክሮ ያወቀ የሌላውን ስሕተት አያባዛም። ግራ የገባው ደግሞ ዝም ብሎ አይቀመጥ፤ ይጥራኝ።"

ተማሪዎቹ ደብተራቸውን ዘግተው ወደ ማሽኖቻቸው ዞሩ። ሊንጋ ራኦ ጠረጴዛው አጠገብ ቆሞ ጠበቀ። ከወዲያ ጥግ አንዲት ልጅ እጇን አወጣች።

"ሊንጋ ራኦ ጋሩ፣ የእኔ አልነሣ አለኝ።"

"መጣሁ!" አለና፣ በሃምሳ አራት ዓመቱ ሮጠ።