የቀላው ጨርቅ
ሊባኖስ ውስጥ፣ ጃል ኤል ዲብ በሰው ቤት ስሠራ የማዳሜን ባል የሚስተሩን ቀይ መኪና ፖሊሽ የሚያደርገው ሱዳናዊው የሕንፃው ዘበኛ አደም ነበር። አንድ ቀን ወገቡን ሲያመው ጨርቁን ተቀበልኩት። «ያ ኡኽቲ፣ እህቴ፣ ነጩ የፖሊሽ ቅባት ስስ ብሎ እንደ ዘይት ሲጠራ ኸላስ፣ በቃ፣ እጅሽን አንሺ» አለኝ። ድስት መፈተግ የለመደ እጄ መቼ ያርፋል! ጨርቁ ሲቀላ ቆሻሻው ለቀቀ ብዬ ጭራሽ ባሰብኝ። ለካ ቀለሙን ልጬው ኖሯል፤ የኮፈኑ ጠርዝ ነጭ ሆነ።

ሚስተሩ ወርዶ «ማን ነው?» ብሎ ሲጮህ አደም ቀና ብሎ አየኝ። እኔ መሬት መሬቱን አየሁ። «እኔ ነኝ» አለ አደም።

በነጋታው በሩ ላይ ሌላ ዘበኛ ቆሟል። ያ የቀላው ጨርቅ ታጥቦ የልብስ ሽቦው ላይ ተሰጥቷል። የጥፋቴን ማስረጃ እንኳ አጥቦልኝ ነው የሄደው፤ እኔ አንዲት ቃል መናገር አቅቶኝ!