ለዘኪያ ማን ይንገራት

ሐጂ ሐሚድ የተቀደሰውን የዘምዘም ውኃ በጠርሙስ አቅፈው መካ ካለው ሰፈራቸው ከሩሰይፋ ጅዳ መጥተው፣ ሚስታቸው ዘኪያ በተኛችበት ሆስፒታል ጽኑ ሕሙማን ክፍል በር ላይ ከሚስከር ጋር ተገጣጠሙ። ሚስከር የጎረቤታቸው ልጅ ናት፤ እዚህ ነርስ መሆኗን ግን አልሰሙም ነበር።

«ዓሚ ሐሚድ፣ ኻላ ዘኪያ ምን ሆኛለሁ እያሉ ይጠይቁኛል» አለቻቸው፣ እንደ ልጅነቷ በዐረብኛ አጎቴ፣ አክስቴ እያለች።

«ጨጓራ ነው በያት።»

ሚስታቸውን ደረቷን ሲያፍናት ቤትም ጨጓራ ነው ተብሎ፣ ማርና ጥቁር አዝሙድ ስትልስ ነበር የሰነበተችው። የልቧ ደም ሥር መዘጋቱ የታወቀው ትንፋሽ ሲያጥራት ነው። ይኸው አሁን የልቧን ክፍሎች የሚለየው ግድግዳ ተቀዷል፤ ሐኪሙ ደረቷ ተከፍቶ ይደፈን ይላል፤ ሐጂ «ላስብበት» ይላሉ። የሚያስቡት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከሰማች ትሞትብኛለች።

«ለበሽተኛ ክፉ ወሬ አይነገርም፣ ልጄ። ልቧ ይሰነጠቃል።»

«ልባቸውማ ተሰንጥቆ ነው እኮ እዚህ ያሉት። ደሙ በቀዳዳው እየተመለሰ ሳንባቸው ውኃ ይዟል። በብሽሽታቸው በኩል የገባው ፊኛ መሰል መሣሪያ ልባቸውን ለጊዜው ያግዛል እንጂ ቀዳዳውን አይደፍንም።»

«ቢከፈትስ ትድናለች?»

«እርግጠኛ ነኝ ብልዎ ዋሸሁ። ከዚህ ቀዶ ሕክምና የማይመለሱ ብዙ ናቸው። ካልተደፈነ ግን ተስፋ የለም ማለት ይቻላል።»

ሐጂ ጠርሙሱን እንዳቀፉ ተቀመጡ። «እንግዲያው እኔ ልፈርም፤ እሷ ሳትሰማ ትግባ። ኸላስ፣ በቃ።»

«አእምሯቸው ደህና ነው፤ የሚፈርሙት እሳቸው ናቸው። ደግሞስ ሳያውቁ ገብተው ባይመለሱ፣ አውፍ፣ ይቅር የምትባባሉት መቼ ነው?»

 ለታማሚው ያዘንን እየመሰለን፣ ብዙ ጊዜ የምንሸሸው የራሳችንን ዕንባ ነው።

ሐጂ ወደ ዘኪያ ገብተው ሁሉንም ነገሯት። ዘኪያ ዓይኗን ጨፍና ሰማች።

«አንተ ሰውዬ፣ ይህን ሁሉ ለብቻህ ይዘኸው ነበር?» አለች በኦክስጅን ጭምብሉ ሥር። «እኔም ፊትህን አይቼ አውቄዋለሁ። አንተን እንዳላስደነግጥ ብዬ ነው ዝም ያልኩት።»

አውፍ ተባባሉ። ልጃቸውን ዋፋን ለሐጂ አደራ ሰጠችና የቀዶ ሕክምናውን ፈቃድ ፈረመች። ዘምዘም ስትለምን ሚስከር ከቀዶ ሕክምናው በፊት መጠጣቱን ከልክላ፣ ጥጥ ነክራ ከንፈሯን አረጠበችላት። ዘኪያ ቢስሚላህ ብላ ገባች።

ሐጂ ቁጭ ብድግ ሲሉ ዋሉ። በመጨረሻ ሐኪሙ ወጥቶ ቀዳዳው መደፈኑን፣ ልቧ ግን ገና በመሣሪያ እየታገዘ መሆኑን፣ የሚመጡት ቀናትም አስጊ መሆናቸውን ነገራቸው። ፍርሃቱ አልለቀቃቸውም፤ የደበቋት ነገር ባለመኖሩ ግን ዱዓ ማድረጉ ቀለላቸው።

ከሩሰይፋ ጎረቤታቸው አዲል ደወለ። «ሐጂ፣ ስትነቃ ምን እንበላት? ቃላችን አንድ ይሁን።»

«እውነቱን። ራሷ ፈርማ ነው የገባችው» አሉ ሐጂ። «አንተም ሰሞኑን ደረቴን ያቃጥለኛል ስትል ነበር። ጨጓራ ነው እያልክ ቤት አትቀመጥ። እኔ ዘግይቼ አመጣኋት፣ ዘግይቼ ነገርኳት። ያላ፣ አሁኑኑ ሐኪም ቤት ሂድ፤ ለሚስትህም ንገራት።»

 አዲል ስልኩን ሳይዘጋ ሚስቱን «የመኪናው ቁልፍ የት ነው? አንቺ ንጂ፣ ደረቴን አሞኛል» ሲላት በስልኩ ተሰማ።