ከአንድ ክምር ስለተቆረጡት ሦስት የጤና መድን ብሮሹሮች

የምስክሩ መጠሪያ፦ በሠፈሩ «ምላጩ» የሚባል
ዕድሜ፦ 67
ሥራ፦ ጡረተኛ፤ በማተሚያ ቤት ለ31 ዓመት ወረቀት ቆራጭ የነበረ
አድራሻ፦ በታላቅ ወንድሙ ግቢ፣ የኋላው ክፍል
ቃሉ የተሰጠበት፦ ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 4፡10

ስለ ጉዳዩ ተጠይቄ የሚከተለውን ቃል ሰጥቻለሁ። ተጠርጣሪውን ያየሁት ከአራት ወር በፊት፣ ማክሰኞ ከጠዋቱ 3፡00 ገደማ፣ በወንድሜ ሳሎን ውስጥ ነው። የጡረተኞች የጤና መድን አማካሪ ነኝ ብሏል። ከረባት አስሯል፤ ጫማው ግን አቧራ ነው። ወንድሜንና ሚስቱን «አባቴ፣ እናቴ» እያለ ሲያቆላምጥ ገና ከበር ሆዴ አልወደደውም። እኔን ዘበኛ መስዬው ሰላምም አላለኝ።

ከሦስት የተለያዩ ድርጅቶች ናቸው ያላቸውን ሦስት ብሮሹሮች ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ። ወንድሜ ጡረታ የወጣ ርእሰ መምህር ነው። የቀኝ ዓይኑ ከጠፋ ቆይቷል፤ ግራው በዓይን ግፊት እየደከመ ስለነበር ለቀዶ ሕክምና ቀጠሮ ተይዞለታል። የሚፈልገው ይህን የሚሸፍን መድን ነው። ባለካሬ ደብተር አውጥቶ በማስመሪያ ሠንጠረዥ አሰመረ። አንደኛው ተኝቶ መታከምን እንጂ መድኃኒት አይሸፍንም፤ ሁለተኛው ዕድሜው ለገፋ ሰው የስድስት ወር መጠበቂያ አለው፤ ሦስተኛው ከውሉ በፊት የጀመረ ሕመምንም ይሸፍናል እያለ፣ በማጉያ መነጽር እስከ 5፡30 ድረስ ምልክት ሲያደርግ ቆየ። የፈተና ወረቀት የሚያርም ነበር የሚመስለው።

እኔ ብሮሹሮቹን አንስቼ ጠርዛቸውን በአውራ ጣቴ ዳሰስኩ። ሦስቱም ላይ፣ ከታች ሁለት ጣት ከፍ ብሎ፣ ያው አንድ ጭረት አለ። ስለቱ የተሸረፈ መቁረጫ የሚተወው ነው። ባንድ ክምር፣ ባንድ ጊዜ የተቆረጡ ናቸው። ተፎካካሪ ድርጅቶች ደግሞ ወረቀታቸውን ደራርበው አያስቆርጡም። አጭበርባሪ መሆኑ ወዲያው ገባኝ። «ጋሼ፣ እስቲ ይቺን ጠርዝ ዳስሳት» አልኩት። ቀና እንኳ ሳይል «አንተ ወረቀት መቁረጥ እንጂ ማንበብ መች ለመድክ! ተወኝ ልሥራበት» አለኝ። ባለከረባቱ ሳቀ። የወንድሜ ሚስትም ሳቀች።

ደሜ ፈላ። የተማረው አንተ አይደለህ፣ እንግዲያው ተሞኝ ብዬ በሆዴ ይዤ ወጣሁ። ሦስተኛውን መርጦ ሲፈርም በመስኮት አይቻለሁ። ሆስፒታሉ ሲመልሰው ልስቅበት ነበር ሐሳቤ።

በሰባተኛው ሳምንት ሆስፒታሉ እንዲህ የሚባል መድን የለም ብሎ መለሰው። ሌላ ቀጠሮ እስኪገኝ ሁለት ወር አለፈ። ዓይኑ ግን አልጠበቀም። እኔም አልሳቅሁም።

ያን ቀን ማወቄን ለወንድሜ እስካሁን አልነገርኩትም። ዛሬ ጠዋት እሱ ቃሉን ሲሰጥ፣ ጣቱን ይዤ መፈረሚያው ላይ ያሳረፍኩለት እኔ ነኝ። አሁንም ወደ ቤት እንድመራው በር ላይ አግዳሚው ላይ ተቀምጦ እየጠበቀኝ ነው። የኔ ቃል በችሎት እሱ ባለበት ይነበብ እንደሆነ መርማሪውን ጠይቄ፣ ይነበባል ብለውኛል። ይቅር ካልኩ ይህን ክፍል ሳይጽፉ መተው እንደሚቻልም ነግረውኛል። አይቅር፣ ይጻፍ ብያለሁ።

የሰጠሁት ቃል ተነብቦልኝ እንዳልኩት መጻፉን አረጋግጫለሁ፤ እውነት ነው፤ ከእንግዲህ የደበቅሁት የለም።

የምስክሩ ፊርማ ____________
ቃሉን የተቀበለው መርማሪ ፊርማ ____________